ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስና የክርስቲያን ጠባይ

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ጊዜ፥ ከአዲስ ቅዳም፥ ከዳንግላና ከየአገሩ የሚሰበሰበው ሕዝብ የፈረሱን ጌጥና የፈረሰኛውን ግልቢያ አይቶ ይደነቃል። ፈረሱ ብዙ ሰው ሲጮኽ አይደነብርም፤ ልጓሙ ሲያዝ ይቆማል፥ ሲለቀቅም ይሮጣል። ዳሩ ግን ፈረስ መግራት የሚያውቅ ባላገር ሁሉ ያ ፈረስ በበዓሉ ዕለት እንዳልተገራ ያውቃል። የተገራው ማንም በማያየው ወራት፥ በጓሮና በመስክ፥ በጥቂት በጥቂቱ ነው። አንድ ቀን ልጓም መልመድ፥ አንድ ቀን ኮርቻ መሸከም፥ አንድ ቀንም የጌታውን ድምፅ ማወቅ እየተጨመረበት ነው የሠለጠነው። በዓሉ የሚያደርገው ያንን የተሠወረ ድካም ለሕዝብ መግለጥ ነው።

የሰውም ጠባይ እንዲሁ ነው። የመከራ ቀን ጠባይን አይሠራም፤ አስቀድሞ የተሠራውን ይገልጣል እንጂ። በዕለት ኑሮው እውነትን ያልለመደ ሰው በጭንቅ ቀን እውነትን ከየት ያመጣታል? በትንሹ ነገር ራሱን መግዛት ያልተማረ ሰው በታላቁ ነገር ራሱን አሳልፎ ለመስጠት እንዴት ይችላል? ይህ ነገር እውነት መሆኑን ከሚያስረዱት ከኢትዮጵያ አባቶች አንዱ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያ ወታደሮች ጥይት የሞቱት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሐውልት ቆሞላቸዋል፥ ተውኔትም ተጽፎላቸዋል። ነገር ግን ያችን አንዲት ሰዓት ብቻ እያሰበ የሚያደንቅ ሰው፥ ፈረሱን በበዓሉ ቀን ብቻ እንዳየ ሰው ነው። ያችን ሰዓት ያዘጋጇት ከእርስዋ በፊት ያለፉት ብዙ የጸጥታ ዓመታት ስለ ሆኑ፥ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ይገባል።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ በፍቼ ነው። ወገናቸው መሬት አርሶ የሚበላ ባላገር ነበረ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። ፍቼ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ቅርብ ነው። ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በጻድቁ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ፥ ብዙ መነኮሳትና ሊቃውንት የወጡበት ታላቅ የጸሎትና የትምህርት ቦታ ነው። ኃይለ ማርያምም በልጅነታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገብተው፥ በዚሁ ገዳም ጥላ ሥር አደጉ።

የዚያ ዘመን ተማሪ ኑሮ እንዴት እንደ ነበረ ለጎጃም ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በዚህ አገር ስለሚገኙ፥ ብዙ እናቶች በደጃፋቸው ለቆመ ተማሪ ቁራሽ እንጀራ ሰጥተዋል። ተማሪው ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከመንደር ወደ መንደር ይለምናል። ውሻ ይጮኽበታል፥ ዝናብ ይመታዋል፤ ባገኘ ቀን ይበላል፥ ባላገኘም ቀን ጦሙን ያድራል። ማታም በትንሽ ጎጆ ውስጥ ከባልንጀሮቹ ጋራ ተጠጋግቶ፥ መብራት ሳይኖረው በቃሉ ያጠናውን ይደግማል። ፊደል ከቆጠረ በኋላ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም ዜማ፥ ቅኔ፥ የመጻሕፍት ትርጓሜ እያለ በዓመታት ላይ ዓመታትን ይጨምራል።

ይህ ትምህርት አእምሮን ብቻ የሚያስተምር ቢመስልም፥ ከሁሉ አስቀድሞ ጠባይን ያስተምራል። ለምኖ የበላ ልጅ እንጀራ ከሰው እጅ በጸጋ የሚመጣ መሆኑን ያውቃልና፥ ሲያድግ በድኃ ላይ መታበይ ይከብደዋል። አንድን ነገር በቃሉ ለመያዝ ሌሊቱን ሁሉ የደገመ ልጅ ትዕግሥትን በሥጋው ይማራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የደከመበትን ቅኔ ለመምህሩ በሚቆጥርበት ጊዜ፥ ስሕተት ቢገኝበት መምህሩ በባልንጀሮቹ ፊት ያርመዋል፤ እርሱም አፍሮ ሳይቀር እንደ ገና ይጀምራል። ተግሣጽን ያለ ቂም መቀበል ከዚህ ይወጣል። ትሕትና፥ ትዕግሥትና ተግሣጽን መቀበል፥ እነዚህ ሦስቱ ኋላ በጳጳሱ ላይ የታየው ግንብ የተሠራባቸው የመሠረት ድንጋዮች ናቸው።

ኃይለ ማርያም ከመማር ወደ ማስተማር ደረሱ። በደብረ ሊባኖስ ሥርዓተ ምንኵስናን ተቀበሉ፤ በወሎ በአማራ ሳይንት በሚገኘው በምስካበ ቅዱሳን ገዳምም መምህር ሆነው አስተማሩ። በ1916 ዓ.ም. በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ወዳለው ገዳም ተልከው በዚያ ያለውን ትምህርት ጠበቁ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በመንበረ ልዑል ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መምህር ሆኑ። ስማቸውም በሊቃውንት ዘንድ በዕውቀታቸውና በጭምትነታቸው የታወቀ ሆነ።

መምህር መሆን ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። ተማሪ የመምህሩን ቃል ብቻ አይሰማም፤ አካሄዱን፥ አበላሉን፥ ቍጣውንም ያያል። ስለ ጦም የሚያስተምር መምህር ራሱ የማይጦም ቢሆን ከሁሉ በፊት የሚያውቁበት ተማሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ የሚያስተምረውን ለመኖር የሚታገል መምህር፥ ሌላውን ሲያንጽ ራሱን ያንጻል። አባ ኃይለ ማርያም በተራራማው ሳይንትና በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት፥ ከከተማ ወሬና ከሹመት ተርታ ርቀው እነዚያን ዓመታት አሳለፉ። ያን ጊዜ ስለ እሳቸው የሚጻፍ ታሪክ አልነበረም፤ ታላቅ ነገርም ሲሠሩ የሚያይ አልነበረም። ሆኖም ታላቁ ነገር ያን ጊዜ ይሠራ ነበር።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን፥ ይኸውም ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምራ፥ ጳጳስ የሚሾምላት ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ በዚያም ረዥም ዘመን የሚላኩላት ጳጳሳት ከግብጽ የሚመጡ ነበሩ። ከ1500 ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ግብጽ ሄደው፥ በፓትርያርኩ በአባ ዮሐንስ 19ኛ እጅ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ይስሐቅ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ተባሉ። ፓትርያርኩም በ1922 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ። እነዚህ ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ ለመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር፤ ቢሆንም ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚባርኩትና የሚያስተምሩት ጳጳሳት ስላገኘ ደስታው ታላቅ ሆነ። አቡነ ጴጥሮስ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ወደ ተሰጣቸው ሕዝብ ሄዱ።

በማዕርጋቸው ጊዜ የተሰጣቸው ስም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጌታችን ስምዖንን ጴጥሮስ ብሎ ዐለት ባለው ጊዜ፥ ስምዖን ገና ዐለት አልነበረም። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ እሳት እየሞቀ፥ አንዲት ገረድ ብትጠይቀው ጌታውን አላውቀውም ብሎ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ዶሮ በጮኸም ጊዜ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ዐለት የሆነው ከዚያ በኋላ በንስሐ፥ በጸሎት፥ በጐቹን በመጠበቅና በመታሰር ነው፤ በፍጻሜውም በሮሜ ከተማ በሰማዕትነት ማረፉን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ይኸው ሐዋርያ በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 1፥ ክርስቲያን በሃይማኖቱ ላይ በጎነትን፥ በበጎነት ላይ ዕውቀትን፥ ከዚያም ራስን መግዛትን፥ ትዕግሥትን፥ እግዚአብሔርን መምሰልን፥ የወንድማማችነትን መዋደድና ፍቅርን እያከታተለ እንዲጨምር ይመክራል። እንግዲህ የወደቀውና የተነሣው ሐዋርያ የጠባይን መንገድ በመሰላል አምሳል ማሳየቱ በከንቱ አይደለም። መሰላል በአንድ ዝላይ አይወጣም፤ አንዱን ደረጃ ረግጦ ወደሚቀጥለው ነው እንጂ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። አቡነ ጴጥሮስም ንጉሠ ነገሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተከትለው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመቱ። በዚያም ሠራዊቱን እያጽናኑ፥ ለሚሞተው እየጸለዩ፥ የሕዝቡን መከራ ተካፈሉ። ጠላት በመርዝ ጢስ የሰውን ሥጋ ሲያቃጥል፥ ከአውሮፕላን በሚወርድ እሳትም እረኛውንና ከብቱን ሳይለይ ሲፈጅ የታየበት ጦርነት ነው። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከሆነው ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት ተበተነ፤ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ጠላት ወደ ዋና ከተማው ገባ።

በዚያን ጊዜ በእያንዳንዱ ባለ ማዕርግ ፊት ከባድ ምርጫ ቀረበ። አንዳንዱ ተሰደደ፤ አንዳንዱ ለአዲሱ ገዢ ገባ፤ አንዳንዱም ወደ ዱር ወጣ። አቡነ ጴጥሮስ ወደ አደጉበት ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሱ። ሰው በጭንቅ ቀን ወዴት እንደሚሄድ ማየት ልቡ ወዴት እንዳለ ያሳያል። ጳጳሱም በተማሪነታቸው ወራት ጦም፥ ጸሎትና መታዘዝን ወደ ተማሩበት ደጅ ሄዱ። በዚያም ከሰላሌ አርበኞች ጋራ ሆነው የሕዝቡ ልብ እንዳይከዳ ያበረቱት ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት በደጃዝማች አበራ ካሳና በወንድማቸው በደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሳ የሚመራው ጦር ከሰሜን፥ ሌሎችም አርበኞች ከየአቅጣጫው መጥተው አዲስ አበባን ከጠላት እጅ ለማስለቀቅ ተመካከሩ። አቡነ ጴጥሮስም ከዚህ ጦር ጋራ ወደ ከተማው ወረዱ። ሐምሌ 21 ቀን ውጊያው ተጀመረ። ዳሩ ግን ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ ወንዞች ሞልተው ነበር፤ ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጣውም ጦር በአንድ ሰዓት ሊገጥም አልቻለም። የጠላት መትረየስም ስለ በረታ አርበኞች ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ወደ ኋላቸው ተመለሱ። ጳጳሱም በኢጣልያኖች እጅ ወደቁ።

ያን ጊዜ በኢትዮጵያ የኢጣልያ መንግሥት እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ ነበር። ጳጳሱ ፈጥኖ በተቋቋመ የጦር ፍርድ ቤት ፊት ቀረቡ። እንደሚተረከው፥ ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ አዲሱን መንግሥት ሲቀበሉ እሳቸው ለምን እንዳመፁ ተጠየቁ። እሳቸውም አቡነ ቄርሎስ የሌላ አገር ሰው መሆናቸውን፥ ራሳቸው ግን ኢትዮጵያዊና ለሕዝባቸው በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂ መሆናቸውን አስረድተው መለሱ። ምሕረት መለመን ለእሳቸው ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጠላት ከጳጳስ የሚፈልገው ያችኑ ቃል ነበር። ሕዝቡ በሃይማኖት አባቱ አፍ ተናግሮ መገዛት ተገቢ ነው ቢባል፥ ብዙ መድፍ የማይሠራውን ያች ቃል ትሠራ ነበርና። እሳቸው ግን የማያምኑበትን ነገር በእግዚአብሔር ስም ሊናገሩ አልፈቀዱም። ሞትም ተፈረደባቸው።

ሐምሌ 22 ቀን፥ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ አጠገብ፥ ሕዝብ እያየ ወታደሮች ተሰልፈው በፊታቸው ቆሙ። በእጃቸው መስቀል ነበረ። የተሰበሰበውን ሕዝብ ባረኩ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ ተብሎ በየትውልዱ ይነገራል። ከዚያም ተኰሱባቸው፤ ወድቀውም አረፉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ የተሰበሰበው ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት ተገለጠ። ትዕግሥትን በረኃብ ቀን የተማሩት፥ ራስን መግዛትን በጦም የተማሩት፥ እውነትን መናገርን በመምህርነት ወንበር የለመዱት፥ በመጨረሻው ቀን አዲስ ጠባይ መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

በአራቱ ጳጳሳት ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ አንድ አልነበረም። አቡነ ሚካኤል በምዕራብ በጎሬ ለጠላት አንገዛም ብለው ጸንተው በ1929 ዓ.ም. እንደ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት ተገደሉ። የጎጃም ጳጳስ የነበሩት አቡነ አብርሃም ግን ለኢጣልያ መንግሥት ገብተው፥ በ1930 ዓ.ም. የእስክንድርያ መንበር ሳይፈቅድ በኢጣልያኖች ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ተባሉ። ይህ የሚነሣው በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም። የሕዝብ እልቂት ያስጨነቀው፥ ዕድሜና ሕመም የከበደው ሰው በልቡ ምን እንዳለ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የሚነሣው ስለ ሌላ ነገር ነው። አራቱም በአንድ እጅ ተባርከዋል፥ አንድ ማዕርግም ተቀብለዋል፤ ማዕርጉ ግን ለሁሉም አንድ ልብ አልሰጣቸውም። ከዚህ የተነሣ ቄሱም፥ ዲያቆኑም፥ መሪ ጌታውም፥ የተቀበለው ማዕርግ ጠባዩን በገዛ እጁ እንደማይሠራለት ሊያውቅ ይገባዋል። ጸጋው የእግዚአብሔር ነው፤ ጸጋውን በጦምና በጸሎት፥ በንስሐና በተግሣጽ መጠበቅ ግን የእያንዳንዱ ሰው ድካም ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ደም ከፈሰሰ በኋላ መከራው አላበቃም። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት አስፈጀ። የኢጣልያ መዝገብ ራሱ የቈጠረው ከ400 በላይ ሲሆን፥ ኋላ የተመረመረው ታሪክ የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እሳቸውን ያሳደገ ገዳም የእሳቸውን ጽዋ ጠጣ። ሆኖም የሕዝቡ ልብ አልተሰበረም። በጎጃም ውስጥ አርበኞች ለጠላት ዕረፍት አልሰጡትም፤ በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሄደ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚወስደው መንገድ በአዲስ ቅዳም በኩል ነውና፥ የዚህ አገር ሽማግሌዎች የጠላትን መግባትም መውጣትም በዐይናቸው አይተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

በ1938 ዓ.ም. ለአቡነ ጴጥሮስ መታሰቢያ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆመላቸው። ደራሲው መኰንን እንዳልካቸው የደም ድምፅ በተባለው ተውኔት፥ ከዚያም በኋላ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጴጥሮስ ያችን ሰዓት በተባለው ተውኔት ታሪካቸውን አሰቡ። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ስለ ባቡር መንገድ ሥራ ከሥፍራው ተነሥቶ፥ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። ድንጋይ ይነሣል፥ ይመለሳልም። ነገር ግን ለአንድ ቅዱስ ሰው የሚቆመው ከሁሉ የበለጠ መታሰቢያ፥ የእርሱን መንገድ የሚከተል ሰው ጠባይ ነው። ሰማዕትን በቃል እያከበሩ በሥራ አለመምሰል፥ ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ሙሽራውን ሳያዩ እንደ መመለስ ነው።

ምናልባት ከምእመናን አንዱ በልቡ፥ ይህ ታሪክ ለጳጳስ የሚሆን ነው፥ ለእኔ ለገበሬው፥ ለእኔ ለነጋዴው ምን ይጠቅመኛል፥ በእኔ ላይ ጠመንጃ የሚደግን የለም ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ለአቡነ ጴጥሮስም ቢሆን ከዕድሜያቸው ውስጥ የሰማዕትነት ቀን አንድ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ቀኖች ሁሉ ለማንኛውም ሰው የሚመጡትን ቀኖች የሚመስሉ ነበሩ። ፈተናውም ለእያንዳንዱ በየሥፍራው ይመጣል። ቅዳሜ ቀን በአዲስ ቅዳም ገበያ እህል ሰፍሮ የሚሸጥ ሰው፥ መስፈሪያው ሲጐድል ገዢው ባያይም እግዚአብሔር እንደሚያይ ቢያስብ፥ በዚያች ሰዓት እርሱም በፍርድ ፊት ቆሟል። በወንድሙ ድንበር ላይ አንድ ትልም አልፎ ያረሰ ገበሬ፥ ሌሊት ልቡ ሲወቅሰው ማለዳ ተነሥቶ ቢመልስ፥ የመሰላሉን አንድ ደረጃ ወጣ። ለምስክርነት የተጠራ ሰው፥ ዘመዱን ለመርዳት ሲል በመስቀል ላይ እጁን ጭኖ ሐሰት ቢምል፥ በግቢው ውስጥ እሳት ሲሞቅ እንደ ካደው ሰው ሆነ። ቢሆንም ለስምዖን ልቅሶው እንደ ተቈጠረለት፥ ለእርሱም የንስሐ በር ክፍት ነው።

ጠባይ እንዴት እንደሚያድግ የአቡነ ጴጥሮስ ሕይወት ሦስት ነገር ያስተምራል። መጀመሪያው፥ ከትንሽ መጀመር ነው። ዐርባ ቀን ለመጦም የሚሻ ሰው አስቀድሞ ረቡዕንና ዓርብን በትክክል ይጡም፤ ጠላቱን ለመውደድ የሚሻ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋራ የተቋረጠውን ሰላምታ ይቀጥል። ሁለተኛው፥ ለብቻ አለመሄድ ነው። ኃይለ ማርያም መምህር ነበራቸው፥ ገዳም ነበራቸው፥ የሚያርማቸው ነበራቸው። ክርስቲያንም የነፍስ አባት፥ የጽዋ ማኅበር፥ የሚመክረው ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ስሕተቱን የሚነግረው ሰው የሌለው ሰው እያደገ ይመስለዋል፥ ግን አያድግም። የነፍስ አባትም ልጁን በዓመት አንድ ቀን ለጠበል ጠዲቅ ብቻ የሚያየው ሳይሆን፥ ኑሮውን የሚያውቅና ያለ ፍርሃት የሚገሥጸው መሆን ይገባዋል። ሦስተኛው፥ መታገሥ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5፥ መከራ ትዕግሥትን፥ ትዕግሥትም የተፈተነ ጠባይን፥ ይህም ተስፋን እንደሚያመጣ ያስረዳል። ስለዚህ የወደቀ ሰው ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም፤ የተጣመመውን ቅኔ ትቶ እንደ ገና እንደሚጀምር ተማሪ፥ ተነሥቶ እንደ ገና መጀመር ነው።

እናቶችም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጠባይን የሚያየው በእናቱ ማጀትና በአባቱ እርሻ ነው። እናቱ የተበደረችውን ዱቄት በመስፈሪያው ልክ ስትመልስ፥ የለመናትንም ድኃ ሳታመናጭቅ ስትሰጥ ያየ ልጅ፥ ፊደል ሳይቈጥር መጽሐፍ አንብቧል። ወጣቶችም ዛሬ ከአባቶቻቸው ዘመን ብዙ የተለየ ዘመን ላይ ስለ ሆኑ፥ ብዙ ድምፅ ይጠራቸዋል። ነገር ግን በማንኛውም ዘመን የእውነት ዋጋ አይለወጥም፤ በሰው ፊትና በስውር አንድ ሆኖ መገኘት ለተማሪም፥ ለሠራተኛም፥ ለነጋዴም የመጀመሪያው ሀብት ነው።

አንዲት ደብር ኢዮቤልዩዋን በምታከብርበት ጊዜ ዓመታትዋን ትቈጥራለች፤ ጣሪያዋ የታደሰበትን፥ ደወልዋ የተሰቀለበትን፥ አገልጋዮችዋ የተሾሙበትን ታስባለች። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ለምእመናንዋ ዕድገት አይቈጠርም። ሽማግሌ በሆነች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጠባይ ሕፃን ሆኖ መቅረት ይቻላል። ስለዚህ በኢዮቤልዩ ቀን ሊጠየቅ የሚገባው፥ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ጠብ በዕርቅ ተፈጸመ፥ ስንት የተበደለ ተካሰ፥ ስንት ድኃ በዚህ ደጅ ሳያፍር ተቀበለ የሚለው ነው። በኦሪት ሕግ የኢዮቤልዩ ዓመት የተሸጠ ርስት የሚመለስበት፥ ለባርነት የተሸጠ ሰውም ነፃ የሚወጣበት ነበረ። በሐዲስ ኪዳንም ልጅ ለሆነ ሰው፥ በኃጢአት የተሸጠችው ጠባይ በንስሐ ወደ ጌታዋ የምትመለስበት ዓመት ሊሆን ይገባዋል።

አቡነ ጴጥሮስ ያችን የሐምሌ ቀን አስቀድመው አላወቋትም። በፍቼ ሜዳ ሕፃን ሆነው ሲሮጡ፥ በደብረ ሊባኖስ ዳዊት ሲደግሙ፥ በዝዋይ ደሴት ሲያስተምሩ፥ ወደፊት በወታደሮች ፊት እንደሚቆሙ የሚያመለክት ነገር አልነበረም። የነበረው የዚያ ቀን ጦም፥ የዚያ ቀን ጸሎት፥ የዚያ ቀን ትምህርት ብቻ ነበር። እሱንም በታማኝነት ፈጸሙት። ማንም ሰው የፈተናው ቀን መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ሆኖም ዛሬ በእጁ ያለችው ቀን የተሰጠችው ለዚያች ቀን ለመዘጋጀት ነው። የሚገራ ፈረስ ልጓሙን ዛሬ ይልመድ፤ በዓሉ በመጣ ጊዜ አይደነብርም።

እግዚአብሔር በሰማዕቱ በአቡነ ጴጥሮስ ላይ የፈጸመውን መልካም ሥራ በአዲስ ቅዳም ምእመናንም ላይ ይጀምር፥ ይፈጽምም፤ የሰማዕቱ በረከት በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ላይ ይደር። አሜን።